የ1973ቱ ኖቤል የየትኛው ፊሸር ነው?
ለምትጽፈው ጽሑፍ ኤሚል ፊሸር ነው ወይስ ኤርንስት ብለህ ለጠየቅከው፦ የ1973ቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ከጄፍሪ ዊልኪንሰን ጋር የተካፈለው ኤርንስት ኦቶ ፊሸር ነው። ኤሚል የ1902 ተሸላሚ ስለሆነ ከጽሑፍህ አውጣው።

ኤርንስት በ1918 ሙኒክ አጠገብ ተወለደ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስላዘገየው ዶክትሬቱን የያዘው በ1952 ነው፣ በዋልተር ሂበር ሥር። ከዚያ ግን ፈጠነ። ፌሮሲን በተባለው ውህድ ውስጥ የብረት አቶም በሁለት ባለ አምስት ካርቦን ቀለበቶች መሃል እንደ ሳንድዊች እንደሚቀመጥ ካሳዩት አንዱ ነው። በ1955 ከዋልተር ሃፍነር ጋር ክሮሚየምን በሁለት ባለ ስድስት ካርቦን ቀለበቶች መሃል አስገባ። ጽሑፍህን እዚህ ላይ አስፋው፤ ዋናው ሥራው ይሄ ነው። በ1964 በሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሂበርን የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ የፕሮፌሰርነት ቦታ ተረከበ፤ በ2007 አረፈ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ተማሪዎች ደጋግመው ሲሳሳቱ የማየው ሃንስ ፊሸር ላይ ነው። እሱም ሙኒክ እዚያው ተቋም አስተምሯል፣ በ1930 ኖቤል ወስዷል። ስለ ኤርንስት መረጃ ስትፈልግ ሙሉ ስሙን ጻፍ።