ያልተነፋ ስንዴ በደሴና በኮምቦልቻ ማድ ቤት፦ ጥያቄና መልስ

በደሴ ለብዙ ዓመታት የምግብ ዝግጅት አስተምሬአለሁ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ስለ ስንዴ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጠቆር ያለ ዳቦ ሁሉ ከሙሉ ስንዴ የተጋገረ ነው ማለት ይቻላል? ጥቅሙስ ከምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ አይቻልም፤ ቀለሙ ከተቃጠለ ስኳር ወይም ከጥቂት ፉርሽካ ሊመጣ ይችላል። የስንዴ ፍሬ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ሲነፋ ፉርሽካ ሆኖ የሚቀረው የውጭ ልባስ፣ ቡቃያ የሚወጣበት ቅባታም ጽንስ፣ ከፍሬው አራት አምስተኛ ያህል የሚሆነው ነጭ ስታርች ናቸው። ፉርኖ ዱቄት ከሞላ ጎደል ይህ የመጨረሻው ብቻ ስለሆነ፣ አብዛኛው አሰር (ሆድ የማይፈጨው የእህል ክፍል)፣ ብረት፣ ዚንክ፣ ማግኒዝየምና የቢ ቫይታሚኖች ከፉርሽካው ጋር ለከብት ይሄዳሉ። በ100 ግራም ያልተነፋ ዱቄት ውስጥ 11 ግራም ገደማ አሰር ሲገኝ፣ በፉርኖው ውስጥ ያለው 3 ግራም ገደማ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ይመክራል። አሰር የሆድ ድርቀትን ይከላከላል፤ ሙሉ እህል አዘውትረው የሚመገቡ ሰዎችም በልብ ሕመምና በሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም የመያዝ ዕድላቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ጥያቄ፦ እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ፉርኖውን ትተን በወፍጮ ቤት ዱቄት ዳቦ ብንጋግርላቸው ይበቃል?

መልስ፦ ለአሰሩ ይጠቅማቸዋል፤ ለስኳሩ ግን ብዙ አይጠብቁ። ምግብ የደም ስኳርን ምን ያህል እንደሚያስነሣ በሚለካበት መሥፈርት፣ የሙሉ ስንዴ ዳቦ 74፣ ነጩ ዳቦ 75 ገደማ ነው፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ድቀቱ ነው፤ እህሉ እንደ አቧራ ከተፈጨ ፉርሽካው ቢኖርም ስታርቹ በሆድ ውስጥ በፍጥነት ይፈርሳል። እኔ ብሆን ዳቦውን ቀንሼ ቅንጬና ንፍሮ አበዛ ነበር፤ ሽርክቱና ያልተፈጨው ፍሬ በሆድ ውስጥ ቀስ ብለው ነው የሚፈርሱት። ቅንጬውን በብዙ ቅቤ አያርሱት፤ መጠኑንም ይወስኑ። መድኃኒታቸውን ግን ያለ ሐኪም ፈቃድ እንዳይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ከተዛወርሁ ወዲህ የስንዴ ንፍሮ አልበስል አለኝ። ስንዴው ይሆን?

መልስ፦ ስንዴውን አይክሰሱት። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ግን ወደ 94 ዲግሪ ይጠጋል። እሳቱን ቢያበዙት ውኃው ይተናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ሌሊቱን ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ ባቄላና ሽምብራ የሚጨምሩ ከሆነም ለየብቻ ቀቅለው ኋላ ይቀላቅሏቸው።

ጥያቄ፦ ባልተነፋ ዱቄት የጋገርሁት ድፎ ዳቦ እንደ ድንጋይ ይከብዳል።

መልስ፦ ፉርሽካው ሊጡ አየር እንዲይዝ የሚያደርገውን ክር እየቆራረጠ፣ ውኃውንም እየጠጣ ነው። ሻካራውን ፉርሽካ በወንፊት ለይተው በሙቅ ውኃ ያርሱትና ሲለሰልስ ወደ ሊጡ ይመልሱት፤ ሊጡም በእጅዎ ላይ እስኪጣበቅ ድረስ ላላ ይበል። በደሴ ብርድ ሊጡ ለመነሣት ከኮምቦልቻው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋልና ሳይቸኩሉ ያሳድሩት። ማሳደሩ ሌላም ጥቅም አለው፤ በልባሱ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ብረትና ዚንክን አስሮ ሰውነት እንዳይወስዳቸው ያደርጋል፣ እርሾውም ይህንኑ ይቀንሰዋል። ቡናውን ግን ከዳቦው ጋር አይጠጡት፤ ብረቱን ይከለክላልና ቢያንስ አንድ ሰዓት ያዘግዩት። (ቡና ቁርስ የሚወዱ ጎረቤቶቼ በዚህ ምክሬ ይቀየሙኛል።)

ጥያቄ፦ ልጄ ዳቦ በበላ ቁጥር ሆዱ ይነፋል። ገብስ ቀላቅዬ ልስጠው?

መልስ፦ ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን የማይስማማው ከሆነ ገብስም ያው ነው፤ ጤፍ ግን ግሉተን የለውም። ስንዴውን ከማቆምዎ በፊት ያስመርምሩት፤ ካቆመ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል።

ጥያቄ፦ ያስፈጨሁት ዱቄት ሳይነቅዝ ምሬት አመጣ።

መልስ፦ የጽንሱ ቅባት አየር ሲያገኝ ይበላሻል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ይፈጥናል። ስንዴውን በፍሬው ያስቀምጡና ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት የሚበቃውን ብቻ ያስፈጩ። የመረረውን ለዳቦ አይጠቀሙበት።