ልጄን ለአዳር ካምፕ ልላከው?

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጄ በክረምቱ ዕረፍት በበለጠ ጌራ ደን አቅራቢያ በሚዘጋጅ የአዳር ካምፕ ለመሳተፍ ይለምነኛል፤ ከቤት ውጭ አድሮ ስለማያውቅ ግን ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል? (እናት፣ ከጅማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ከመከልከልዎ በፊት አዘጋጆቹን በአካል አግኝተው ሌሊት ከልጆቹ ጋር የሚያድሩት አዋቂዎች እነማን እንደሆኑ፣ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ተለይተው መተኛታቸውን፣ ሕመም ቢያጋጥምም ወደየትኛው ጤና ጣቢያ እንደሚወሰዱ ይጠይቁ። ለእነዚህ ግልጽ መልስ ለሌለው አዘጋጅ ልጅ በአደራ ሊሰጥ አይገባም ብዬ አምናለሁ። የጅማ ክረምት ዝናቡ ብርቱ ስለሆነ የዝናብ ልብስ፣ ወባም በአካባቢው ስላለ አጎበር አይቅርበት። የወባ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከንክሻው ከ10 እስከ 15 ቀናት በኋላ ስለሚታይ፣ ከተመለሰ በኋላ ባሉት ሳምንታት ካተኮሰው ሳይዘገዩ ያስመርምሩት። አስቀድመውም አንድ ሁለት ሌሊት አክስቱ ቤት እንዲያድር ያድርጉ።