ሥሩን የምንወደው ተክል

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን በደን ሥራ ላይ አሳለፍሁ። ምክር ስጥ ስባል ቀድሞ ትዝ የሚለኝ የተማርኩት ሳይሆን ያፈርሁበት ነው።

ወጣት ሳለሁ የኮሶ ዘር እንድሰበስብ ደጋ ተላክሁ። ከአንድ ግቢ ዳር የቆመ ግዙፍ ዛፍ መረጥሁ። አበባው ረገፈ፤ ዘር የለም። በዓመቱ ተመለስሁ፤ አሁንም የለም። ማስታወሻዬ ላይ «ዛፉ አርጅቷል» ብዬ ልጽፍ ስል የቤቱ እመቤት የሊጥ እጃቸውን እየጠራረጉ ወጡና «ልጄ፣ ይህ እኮ ወንዴው ነው፤ ምን ሊወልድልህ ትጠብቃለህ?» አሉኝ። ሴቴዋ ከጓሮ ቆማለች፤ ቀይ የአበባ ዘለላዋ ተንዠርግጓል።

ለኮሶ ትል መድኃኒት የሚፈለገውም ያ የሴቴዋ አበባ ነው፤ ዘሩ ሳይበስል ይቆረጣል። ነገሩ ግን ሁለት መልክ አለው። ድሮ ሰው በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ስለነበር ዛፉ በየግቢው ጠባቂ ነበረው። ኪኒን ሲመጣ አበባውን የሚፈልገው አነሰ፤ ቀላ ያለው እንጨቱ ግን ዛሬም አናጺ ዓይን ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ተክል ስሰማ «የምንፈልገው የቱን ክፍሉን ነው?» እላለሁ። ቅጠሉ የሚፈለግ፣ በልክ ከተቀነጠሰ፣ ከሰው ጋር መኖር ይችላል። ልጡ የሚፈለገው ጥቁር እንጨት የተባለው ዛፍ ግን ዙሪያውን ከተላጠ ቆሞ ይደርቃል። ወይራ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን ይታጠንበታል፣ ከሰልም ይሆናል፤ እድገቱ ግን አዝጋሚ ነው። በጥቂት ዓመት ገንዘብ የሚያመጣው ባሕር ዛፍ እያለ ገበሬው ወይራ ቢተክል የልጅ ልጁን አስቦ ነው። (ባሕር ዛፍን የምትረግሙ ወዳጆቼ አትቀየሙኝ፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባን ምድጃ ያነደደ እሱ ነው።)

እኔን የሚያንገበግበኝ ቀበርቾ ነው። አገሩ ኢትዮጵያ ብቻ ነው። ቅጠሉ እሾሃማ፣ አበባው ድቡልቡል ነው፤ ቢጠፋ ከሌላ አገር ዘሩን አናስመጣውም። የምንወደው ደግሞ ሥሩን ነው። አራስ ቤት ይታጠናል፣ ለራስ ምታት ይጨሳል፣ እባብ ያርቃል ይባላል። ገበያ ውስጥ የተቆለለውን ስታዩ ከነሥሩ የተነቀለ ተክል እያያችሁ ነው። ሻጯን አትቆጧት። ዘንድሮ ከየት እንደመጣ፣ አምናስ ከየት ይመጣ እንደነበር ጠይቋት። የመንገዱ መርዘም ብዙ ይነግራችኋል።

ደቡብ ጎንደር ከሄዳችሁ በእርሻ መሐል እንደ ደሴት የቀሩትን የቤተ ክርስቲያን ደኖች እዩ። ዝግባውንና ጽዱን ሽቅብ እያያችሁ አትደነቁ ብቻ፤ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ቡቃያ ፈልጉ። ከብት በሚገባበት ደን ሽማግሌው ዛፍ ቆሞ ልጁ ይረገጣል። የድንጋይ ካብ የተሠራላቸው አሉ፤ ከካቡ ውስጥና ውጭ ያለውን መሬት አወዳድሩ።

ችግኝ ለመትከልም ስትወጡ፣ ስንት እንደተከላችሁ ከመቁጠራችሁ በፊት፣ ዘሩ ከስንት እናት ዛፍ እንደተለቀመ ጠይቁ። ከአንድ ዛፍ ብቻ ከሆነ የተከላችሁት ሁሉ ወንድማማች ነው።

እኔ ጓሮዬ ውስጥ ቀበርቾ በዘር አብቅያለሁ፤ ሦስት እግር ደርሶልኛል። ጎረቤቴ ልጃቸው ልትወልድ ስለሆነ ሥሩን ለመኑኝ። አንዱ አብቧል፤ ዘሩ እስኪደርቅ ይታገሡኝ ብያለሁ። ልጂቱ ትታገሥ እንደሆነ እንጃ።