ክፍት የቀረ የአድሚን አካውንት፦ ለትምህርት ቤት ሰርቨር ያዦች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ፒያሳ)፦ ጋሼ፣ የዊንዶውስ ሰርቨራችን ያለው መምህራን በሚገቡበት ክፍል ነው። በአድሚን ገብቼ ሲጠሩኝ እንዲሁ ትቼው እወጣለሁ። ከ10 ደቂቃ በኋላ ራሱ ሎግ አውት እንዲያደርግ ምን ልንካ?

መልስ፦ ላንተ የሚሻለው ስክሪኑ መቆለፉ ነው። ሎግ አውት ካደረገው የከፈትከው ሁሉ ይዘጋል፣ ያላስቀመጥከውም ይጠፋል። ግሩፕ ፖሊሲ (የዊንዶውስ ደንቦች የሚስተካከሉበትን) ክፈትና በኮምፒውተር በኩል ሎካል ፖሊሲስ፣ ሴኩሪቲ ኦፕሽንስ ድረስ ግባ፤ «ማሽን ኢንአክቲቪቲ ሊሚት» የሚል ታገኛለህ። የሚሞላው በሰከንድ ነው፦ 600 ጻፍ። 10 ብለህ ከሞላኸው በየ10 ሰከንዱ እየተቆለፈ ያስመርርሃል። ሰርቨሩ ሪስታርት ሳይደረግ ግን ለውጡ አይሠራም።

ጥያቄ (አራት ኪሎ)፦ የአድሚኑን ፓስወርድ ከቀየርን ወዲህ አካውንቱ በየጊዜው ሎክ ይሆናል። የነካው ሰው የለም።

መልስ፦ አንዱ የተለመደ ምክንያት በሪሞት ዴስክቶፕ (ከሌላ ኮምፒውተር ሆኖ) ገብቶ ኤክስን ተጭኖ የሄደ ሰው ነው። ኤክስ ግንኙነቱን ብቻ ነው የሚያቋርጠው፤ ሴሽኑ (የከፈተው ሥራ ሁሉ) በአሮጌው ፓስወርድ ውስጥ ለውስጥ መሥራቱን ይቀጥላል፤ የተሳሳተው ፓስወርድ ሲደጋገም አካውንቱ ሎክ ይሆናል። በየሰርቨሩ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ «ኩዌሪ ዩዘር» በይ። «ዲስክ» (የተቋረጠ ማለት ነው) የሚል ምልክት ያለበትን መስመር የአይዲ ቁጥር ያዢና «ሎግኦፍ» ብለሽ ቁጥሩን አስከትዪ። እንዳይደገም በሪሞት ዴስክቶፕ ሰርቪስስ ፖሊሲ ሥር «ሴሽን ታይም ሊሚትስ» ውስጥ ለተቋረጡት 1 ሰዓት ስጪ። ሥራ ለፈቱትም 30 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን «ኤንድ ሴሽን» የሚለውን ካላበራሽ እነሱም ይቋረጣሉ እንጂ ወዲያው አይወጡም። ሰርቨሩ ፊት ተቀምጦ የገባን ሰው ይህ ፖሊሲ አይነካውም፤ ለእሱ የፊተኛው መልስ ነው።

ጥያቄ፦ «ፎርስ ሎግኦፍ» የሚለውን አብርተን የመግቢያ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ገደብነው። ሰዓቱ አልፎም አድሚኑ እንደገባ ነው።

መልስ፦ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። የሚቆርጠው የፋይል ሼሪንግ ግንኙነትን ነው፤ ዴስክቶፑን አያስወጣም።

ጥያቄ፦ ሎግ አውት ሲሆን ባክአፑ መሃል ላይ ይቆማል።

መልስ፦ በእጅ የተከፈተ ፕሮግራም ከሴሽኑ ጋር አብሮ ይዘጋል። ባክአፑን ታስክ ሼጁለር ላይ አስገባና ተጠቃሚው ገባም አልገባም እንዲሠራ ምረጥ። «ባክአፕ አለብን» ተብሎ አድሚን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሚያድርበት ምክንያት የለም።

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ላይስ?

መልስ፦ ኢቲሲ ውስጥ ባለው የፕሮፋይል ዶት ዲ ፎልደር አንድ ፋይል ፍጠርና «ቲ ኤም አውት»ን (ሥራ ፈትቶ የሚቆይበትን ሰከንድ) 600 አድርግ። «ሪድኦንሊ» (የማይቀየር) ካላልከው ማንም ያጠፋዋል። የሚቆጥረው ሼሉ (ትእዛዝ የሚጻፍበት) ትእዛዝ ሲጠብቅ ብቻ ነው፤ «ቶፕ» ወይም «ቪም» የተባሉ ፕሮግራሞችን ከፍቶ የሄደ ሩት (የኡቡንቱ አድሚን) እንደተከፈተ ያድራል።