ባንድ ስትዋዋሉ መጀመሪያ ስለ መብራቱ ጠይቁ

ልጆቼ፣ ለሠርጋችሁ ባንድ ልታነጋግሩ ስትሄዱ ከአፋችሁ ቀድሞ የሚወጣው «ድምፃዊው ማን ነው?» የሚል ነው። አልከፋም። ሰበታ፣ ሱሉልታ ወይም ለገጣፎ ድንኳን ጥሎ ለሚደግስ ሰው ግን የመብራቱ ነገር ይቀድማል።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይወስዳል። ወጥ ቤቱ ሁለት ምጣድ ከሳውንድ ሲስተሙ ጋር በአንድ መስመር ከሰካ፣ ልክ ሙሽሮቹ ሲገቡ ብሬከሩ ይወርዳል። ኪቦርድ ለአፍታም መብራት ከተቋረጠበት እንደገና እስኪነሳ ድራሙ ብቻውን ይቀራል። ስለዚህ ጄኔሬተር ለሙዚቃው ብቻ ያዙ። 10 ኬቪኤ ሲሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ 8 ኪሎ ዋት ገደማ ማለት መሆኑን አትርሱ። ነዳጁን ማን እንደሚችል ውሉ ላይ ይስፈር፤ ጭሱም ወደ እንግዳው እንዳይነፍስ ከድንኳኑ ራቅ ይበል።

ቀጥሎ ሰዓቱ። ውሉ «ከ7 እስከ 12 ሰዓት» ካለ ተበላችሁ። ከሰበታ ተነስቶ ለገጣፎ ሙሽራ የሚያመጣ አጀብ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል፤ የፎቶው ጣጣ ሳይቆጠር ማለት ነው። ባንዱ ለባዶ ወንበር ሲጫወት ቆይቶ እንግዳው በልቶ ጠጥቶ እስክስታ ሲያምረው ገመድ መጠቅለል ይጀምራል። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሙሽሮቹ ከገቡ በኋላ ይሁን፤ የትርፍ ሰዓቱም ዋጋ አስቀድሞ ይቆረጥ። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ሥራው ስለሚደራረብ አንዳንዱ ባንድ ለሁለት ተከፍሎ ሁለት ሠርግ ይሠራል። የተጫዋቾቹን ስም ከነመሣሪያቸው አስጽፉ። ቀብዱ ከሢሶ አይለፍ።

ማሲንቆ ካለ ተጫዋቹና ኪቦርዲስቱ ቀድመው ይገናኙ። ማሲንቆ የሚቃኘው በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው፤ ኪቦርዱ ቁልፉን ካላስተካከለለት ባቲውም ትዝታውም ይጣላል። የሱሉልታ ብርድና እርጥበት ደግሞ ቁርበቱን ስለሚያላላው ሲመሽ ድምፁ ይሞታል፤ እስኪጫወት ድረስ ሙቀት ካለበት አኑሩለት። ማይኩን ከስፒከሩ ፊት ለፊት የሚያቆም ኦፕሬተር ካያችሁ እንግዳ ሳይመጣ አስነሡት፤ ያ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት የሚመጣው ከዚያ ነው።

የሙሽሪት ቤተሰብ ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ የሚጨፍር ከሆነ የሚዘፍንላቸው ሰው መኖሩን አረጋግጡ። «ቢቱ (ምቱ) አለን» ማለት ዘፋኝ አለን ማለት አይደለም።

ተክሊል ካላችሁ ባንዱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይገባም፤ እዚያ ዘማርያኑ አሉ። ሙሽሪት ቤት በር ላይ «አናስገባም» ሲባልም ስፒከር አትላኩ። የሴቶቹ ከበሮና ጭብጨባ ይበቃል፤ እንዲያውም ስፒከር ያፍነዋል።

የሽልማቱን ነገር ደግሞ አደራ። ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር የዘፋኙ ነው ወይስ የባንዱ? ይህ ሳይነገር ቀርቶ መድረክ ላይ የሚኮራረፍ አለ። የሚሰበስበውን አንድ ሰው የባንዱ አባላት ራሳቸው ይምረጡና ለሚዜዎቹ ይንገሩ።