ቀን ስታዛውሩ አንድ ብቻ አዛውሩ

ይድረስ ለሰሜን ሸዋ ልጆች፣

ዕድሜዬን በሙሉ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ነው ጡረታ የወጣሁት። ስለ ኢማም አህመድ (ስለ ግራኝ) ዘመቻ ስትከራከሩ ደስ ይለኛል። «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» ማለት ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ ባልደረቦች ነበሩኝ። እኔ አልስማማም። የሆነው ነገር ለጥቂት እንደተረፈ ወይም ለጥቂት እንዳመለጠ የሚገባን ሌላውን ስናስብ ነው። አንድ አደራ ግን አለኝ። ቀን ስታዛውሩ አንዱን ብቻ አዛውሩና ሌላው ሁሉ ምን እንደሚሆን ተከታተሉ።

አብዛኞቻችሁ «ፖርቱጋሎች ቀድመው ቢመጡ ኖሮ» ትላላችሁ። ቀድመው መጥተዋል እኮ! መልእክተኞቻቸው በ1520 ምጽዋ ወረዱ፤ እስከ 1526 እዚሁ ቆዩ። ወዳጅነቱን የፈለገችው ንግሥት እሌኒ ነበረች፤ ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል የላከችው ገና ከዚያ አሥር ዓመት ያህል በፊት ነው። እነሱ ሲደርሱ ግን አፄ ልብነ ድንግል በ1517 የአዳሉን ጦር መሪ ማህፉዝን አሸንፎ ልቡ ሞልቶ ነበር። የቸኮለበት ጉዳይ አልነበረም። መልእክተኞቹ በሄዱ በሦስተኛው ዓመት የሽምብራ ኩሬ ጦርነት መጣ።

(ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የጻፍኩት። በእኛ ሽምብራ ኩሬ መጋቢት 1521 ነው። ሁለቱን አቆጣጠር እየቀላቀለ የሞተ ንጉሥ የሚያዘምት ተማሪ ስንቱን አይቻለሁ!)

እኔን የሚገርመኝ ከሽምብራ ኩሬ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። መጋቢት 1529 ኢማሙ በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን የንጉሡን ጦር አሸነፈ። ግን አልገፋበትም። ወታደሩ አገሬ ልግባ አለ፤ ሐረር ተመለሱ። እስከ 1531 ድረስ ንጉሡ ፋታ አገኘ ማለት ነው። ኢማሙ ያን ጊዜ ባይመለስስ? ብዙ ሰው ሸዋ ወዲያው ታልቅ ነበር ይላል። እኔ እጠራጠራለሁ። ክረምቱ ሦስት ወር ቀርቶታል። ጦሩ ተጎድቷል፣ ቤቱ ናፍቆታል። የኛን ደጋ ሐምሌ ላይ የሚያውቅ ሰው በዚያ ጭቃና ብርድ የደከመ ጦር ምን እንደሚሆን መገመት አያቅተውም። መመለሱ ጠቅሞታል ባይ ነኝ። በ1531 ሲመጣ መድፍ ይዞ ነበር። አንጾኪያ ላይ፣ ዛሬ አንጾኪያ ገምዛ በምንለው አካባቢ፣ መድፉ ሲተኮስ የንጉሡ ጦር ተፈታ። ሐምሌ ላይ ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ።

ስለዚህ እኔ ፖርቱጋሎቹን ሳይሆን ያን ፋታ ነው የምመረምረው። ንጉሡ ጦር መልሶ ሰብስቧል፤ መድፍን የሚመክት ነገር ግን አልነበረውም። የጦር መሣሪያ ከባሕር ማዶ ለማስመጣት ደግሞ ሁለት ዓመት አጭር ነው። እርዳታ እንዲላክለት ከመልእክተኞቹ ጋር መጥቶ እዚሁ የቀረውን ዮሐንስ ቤርሙዴዝን ወደ ፖርቱጋል የላከው በ1535 ነው፤ ያኔ አብዛኛው አገር ከእጁ ወጥቶ ነበር። ይኸው መልእክት በ1526 ከተመላሾቹ ጋር በዚያው ጥድፊያ ቢሄድስ? እኔ የማዛውራት ቀን ይህች ናት።

ይህን ስትከራከሩ ታዲያ ሰፈር ለይታችሁ አትሰዳደቡ። ኢፋት ወርዳችሁ ጎረቤታችሁን ስለ 1531 ብትጠይቁት ምን ይመልስላችኋል? ያን ጊዜ እሱም እናንተም አልነበራችሁም።

ልብነ ድንግል በ1540 ደብረ ዳሞ ላይ ሞተ። ፖርቱጋሎቹ ምጽዋ የደረሱት በማግሥቱ ዓመት ነው። በክሪስቶቫዎ ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ጠብመንጃ ያዦች ከሟቹ ንጉሥ ሚስት ከንግሥት ሰብለ ወንጌል ጋር ሆነው ተዋጉ። ልጇ፣ አዲሱ ንጉሥ አፄ ገላውዴዎስ ግን ገና ደቡብ ነበር። ነሐሴ 1542 ወፍላ ላይ ዳ ጋማ ተሸነፈ፣ ተማርኮም ተገደለ። እንግዲህ 400 ጠብመንጃ ብቻውን አልበቃም፤ በሰዓቱ መድረስ ያለበት ሌላው ወገንም ነበር።

ከዚያ ኢማሙ ያሸነፈ መስሎት ለእርዳታ ከመጡለት የቱርክ ጠብመንጃ ያዦች አብዛኞቹን አሰናበተ። ገላውዴዎስ ከተረፉት ፖርቱጋሎች ጋር ተቀላቀለና የካቲት 1543 ወይና ደጋ በተባለ ስፍራ ገጠመው። ኢማሙ እዚያው ተመትቶ ወደቀ፤ ጦሩም ተበተነ። ቱርኮቹ ስድስት ወር ብቻ ቢቆዩ ኖሮ ግን ወይና ደጋ ላይ ገላውዴዎስ ያሸንፍ ነበር ብዬ አልወራረድም።