መንግሥት ለመድረሳ በጀት ይስጥ ወይ? ከሒሳብ ክፍል የታየ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። «ልጄን ሳቢያን መድረሳ አስገብቻለሁ፣ ወርሃዊ ክፍያው ከብዶኛል፣ ግብር እየከፈልኩ መንግሥት ለሃይማኖት ትምህርት ቤቶች ለምን በጀት አይሰጥም?» ነው ያልሽው። እኔ እዚሁ ድሬ፣ አንድ የሃይማኖት ተቋም የሚያስተዳድረው ትምህርት ቤት ሒሳብ ክፍል ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። የየትኛው ሃይማኖት እንደሆነ ይቆየኝ፤ አለዚያ ወሬው ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል።

ሕጉ አጭር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ይለያል። አንቀጽ 27 ለአማኞች የሃይማኖት ትምህርት ተቋም የማቋቋም መብት ይሰጣል፣ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። እኔ እንደገባኝ፦ ክፈቱ፣ አስተምሩ፣ ወጪውን ግን ራሳችሁ ቻሉት።

«ታዲያ ለሒሳቡና ለሳይንሱ ብቻ ቢከፍልስ?» ትይኝ ይሆናል። ሞክረነዋል አቦ፣ በመንግሥት ሳይሆን በረጂ ብር። አንድ ዓመት ከውጭ ገንዘብ መጣልን፤ ቅድመ ሁኔታው «ለቀለም ትምህርት እንጂ ለሃይማኖት ትምህርት አንድ ብር እንዳይወጣ» የሚል ነበር። ቀላል መስሎን ፈረምን። ዘበኛው የሚጠብቀው በር አንድ ነው። የቦቴው ውኃ የሚገለበጥበት ሮቶ አንድ ነው። በግንቦት ሙቀት ቬንትሌተሩ ጠዋት ለሳይንስ፣ ከሰዓት ለሃይማኖት ትምህርት እዚያው ክፍል ውስጥ ይዞራል። መብራቱን ለሁለት ከፍላችሁ አምጡ ተባልን። ጠዋት ሒሳብ ከሰዓት ሃይማኖት የሚያስተምር መምህር ነበረን፤ ደመወዙን ሰባ ሠላሳ አድርጌ መዘገብኩት። ኦዲተሩ «ሰባው በምን ተለካ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ሁለት የፊርማ ወረቀት ላይ መፈረም ጀመረ፤ «ሰውዬን ለሁለት ሰነጠቃችሁት» እያለ ወር ሙሉ ሲስቅብኝ ከረመ።

በሁለተኛው ዓመት ረጂው የሌላ እምነት ልጆች ለምን ጥቂት እንደሆኑ ጠየቀ፤ ቀጥሎም የመምህራን ቅጥር መስፈርታችንን። አስተዳደሩ ብሩ ይቅርብን አለ። ያኔ ተናድጄ ነበር፣ ዛሬ ግን ልክ ነበሩ እላለሁ። የከፈለ ይጠይቃል፤ መንግሥት ሲሆን ደግሞ ጥያቄው በደብዳቤ ሳይሆን በመመሪያ ነው የሚመጣው።

በሌላ አገር አይሠራም ማለቴ አይደለም። ሐረር ላይ ልጅ ተፈሪ መኮንንን ያስተማሩት የካፑቺን (የካቶሊክ መነኮሳት) ሚሲዮናውያን አገር፣ ፈረንሳይ፣ በዓለማዊነቷ የምትታወቅ ናት። እሷም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣ ሕግ ውል ለገቡ የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች የመምህራን ደመወዝ ትከፍላለች፤ አብዛኞቹ ካቶሊክ ናቸው። ግን የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ማስተማርና የማንኛውንም እምነት ልጅ መቀበል ግድ ነው። የእኛዎቹ ይህን ውል ይፈርማሉ? አይመስለኝም።

ስለዚህ ለተቋሙ በጀት መስጠቱን አልደግፍም። ከልጁ ጋር የሚሄድ ነገር፣ እንደ መማሪያ መጽሐፍና ምሳ ያለው ግን የትም ይማር የት ሊደርሰው ይገባል። መጽሐፍ ቬንትሌተር አይደለም፤ የማን እንደሆነ አያከራክርም።

ለአሁኑ ግን፣ መገላ ያሉ ጎረቤቶቼ እንደሚያደርጉት ጠዋት የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ቁርአን ቤት ማድረግም አለ። መድረሳው ይሻለኛል ካልሽ ደግሞ የሚቀጥለውን ከመክፈልሽ በፊት ቢሮ ገብተሽ የክፍያ ቅናሽ እንዳለ ጠይቂ። እኛ ጋ የቅናሹ ቅጽ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ አያውቅም፤ እኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፣ ለጠየቀ ብቻ ይሰጥ ነበር።